ቁልፍ መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት

ኪዳነወልድ አባይነህን የሰደበው ኒቆዲሞስ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ግንቦት 13 ቀን 2001 ዓ.ም፣ የእግዚአብሔር አብ ዕለት ነበር፤ ሰዓቱ ከሻይ ዕረፍት መልስ፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ፤ ቦታው ሐረር፣ ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ፣ መጋረጃው ከዘንጉ በወለቀ አንድ የስብሰባ አዳራሽ። አርባ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከአርባ አንዱ ያልሳቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ራሱ ኪዳነወልድ፣ ሌላዋ ከግንቡ ውስጥ፣ ከጁገል፣ ከሾላው ቦኖ ሰፈር የመጡት አዴ መርየም። ከቀሩት ሠላሳ ዘጠኙ ማን ጥርሱን ብቻ እንዳሳየ፣ ማን ወንበሩን ይዞ እንደተንፈራፈረ፣ ኪዳነወልድ ዛሬም ቢጠየቅ በስም ይዘረዝራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስብሰባው ስለ ውሃ ነበር። ኒቆዲሞስ የሰውን አኗኗር የሚያጠና፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ውሃ በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ሳይሆን በሕዝብ ተሳትፎ ይተዳደር እያለ መድረክ ላይ ሲያስረዳ፣ ኪዳነወልድ እጁን አወጣ። "እኔ የምለው" ብሎ ጀመረ፣ "ኮሚቴው ከመመረጡ በፊት ውሃው ራሱ በየመስመሩ ስንት ሰዓት…"

ከዚህ አላለፈም። ኒቆዲሞስ ፈገግ አለና፣ "ጋሽ ኪዳነ፣ እርስዎ ቁልፍዎን ይያዙ፤ ሐሳቡን ለማኅበረሰቡ ይተዉለት" አለው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ማይክራፎኑ እንኳ አብሮ አፏጨ።

ኪዳነወልድን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው "እርስዎ" መባሉ ነው። "አንተ ብሎ ቢሰድበኝ እኩል ነበርን፤ እኔም አንተ ብዬ እመልስለት ነበር" ይላል ለሚስቱ ለጽጌ። "እርስዎ ብሎ ሲሰድብህ ምን ትለዋለህ? ስድቡን በሳህን አድርጎ፣ ክዳን ገጥሞ ነው ያቀረበልኝ።" ጽጌ ይህን ንግግር አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። አሁን አሁን "በሳህን" ሲል እሷ "ክዳን ገጥሞ" ብላ ትጨርስለታለች፤ ይህም ራሱን የቻለ ቂም ሆኖ ተመዝግቦባታል።

ቁልፍ የተባለው የኪስ ቁልፍ አይደለም። ኪዳነወልድ ስምንተኛ ክፍልን አቋርጦ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራው ውሃ ከፋችነት ነው። ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃ ከሩቅ ቆላ በፓምፕ እየተገፋ ነው ሐረር የሚገባው፤ ለሰፈር ሁሉ ባንዴ ስለማይበቃም በፈረቃ ይታደላል። ፈረቃውን የሚያዞረው ደግሞ እንደ ኪዳነወልድ ያለ ሰው ነው፤ እስከ ደረቱ የሚደርስ፣ ራስጌው መስቀለኛ እጀታ ያለው ብረት ተሸክሞ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ፣ አንዱን ቫልቭ ይከፍታል፣ አንዱን ይዘጋል። ያ ብረት ነው ቁልፉ። ጡረታ ሲወጣ ቫልቮቹ በአዲስ ተለውጠው ስለነበር ቁልፉ አንዳቸውም ላይ አልገጥም አለ፤ "ውሰደው" አሉት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከበሩ ኋላ ቆሟል።

ሪድዋን የደወለው የፋሲካ ሳምንት ሐሙስ ነው።

"ጋሽ ኪዳነ? ሪድዋን ነኝ፣ ከፕሮጀክቱ።"

"የቱ ፕሮጀክት?"

"የውሃው።"

"ውሃ አለ እንዴ?"

ሪድዋን ከት ብሎ ሳቀ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ከቢሮው ለሰው ሁሉ ስልክ የሚደውለው እሱ ነው። "ዋላሂ፣ እርስዎ አይለወጡም! ይስሙኝማ፤ ፕሮፌሰር ኒቆዲሞስ መጥተዋል። ቅዳሜ መጽሐፋቸው ይመረቃል። የሾላው ቦኖ ታሪክ ነው መጽሐፉ። ሰኞ ደግሞ በዚያው በሾላው ቦኖ ዓይነት በአሥራ ሁለት ሰፈር ኮሚቴ የሚያቋቁም ስምምነት ይፈረማል። እርስዎን በስም ጠርተው ነው የጠየቁት፤ ሁለት ደቂቃ እንዲናገሩ ይፈልጋሉ።"

"እኔ ልናገር?"

"አዎ። ያኔ የነበረ ሰው ምስክር ሲሆን ጥሩ ነው ብለዋል። አዴ መርየምም የሉም፣ አላህ ይርሐማቸው።" ሪድዋን ድምፁን አለሰለሰ። "ደግሞ ያ የድሮው ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው አሉ። ለኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን። ቁልፉን ይዘው ይምጡልን፣ እሺ?"

ኪዳነወልድ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። ቁልፍህን ያዝ፤ ሁለተኛ ዙር።

"ምን አሉህ?" አለች ጽጌ፣ ወገቧን ይዛ ከጓዳ ብቅ ብላ።

"ብረቱን ለዕይታ ይፈልጉታል። እኔ ብረቱን ተሸክሜ እመጣለሁ፣ እሱ ቆሞ ያስጎበኘዋል።"

"ተናገር አላሉህም? 'ልናገር' ስትል ሰማሁህ እኮ።"

"ብለውኛል።"

"እንግዲያ ሂድና ተናገር። እኔ ላይ የምታወርደውን እዚያው ባለቤቱ ላይ አውርደው። በገዛ ጆሮዬ ላይ ቦኖ ተክለህ አሥራ ስድስት ዓመት!" ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ መቀመጥ ከጀመረች እስከምትጨርስ ጊዜ ይፈጅባታል። "ስለ ውሃ የሚናገር ከጠፋ እኔ እሄድላቸዋለሁ። ያን ሦስት ዓመት እዚህ ታች ሰፈር ጠብታ ሲጠፋ፣ ጀሪካን በጀርባዬ ከሸዋ በር ያመላለስኩትን ልንገራቸው? የወገቤን ፎቶ ይዤ ልሂድ? ለኤግዚቢሽን?"

ኪዳነወልድ ቁልፉን ከበሩ ኋላ አወጣና ዝገቱን በጨርቅ ይፈትግ ጀመር።

ጽጌ የማታውቀው ነገር አለ። በሕይወት ካለ ሰው ከኪዳነወልድ በቀር የሚያውቀው የለም።

ከግንቡ መግቢያ ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት አጠገብ፣ ክዳኑ ብረት የሆነ ጉድጓድ አለ። ያኔ ውስጡ ሁለት ቫልቭ ጎን ለጎን ነበር። የቀኙ ሲከፈት ውሃው ግንቡን አልፎ ወደ ላይ፣ ወደ ሾላው ቦኖ ይወጣል፤ የግራው ሲከፈት ወደ ታች፣ ወደነ ኪዳነወልድ ሰፈር ይወርዳል። ፈረቃው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ለላይ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ለታች። ሾላው ቦኖ ላይ ሴቶች በወረፋ የሚፈነካከቱበት ዘመን ነበር። ኒቆዲሞስ ከሾላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማን ማንን እንደሰደበ፣ ማን የማንን ጀሪካን እንደገለበጠ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ይውላል። ኪዳነወልድ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ በየመንገዱ መርቶታል፣ ቤት ለቤት አስተዋውቆታል፣ ጫማው ሲገነጠል ጊደር መጋላ ገበያ ወስዶ አሰፍቶለታል። ያን ሁሉ ካደረገ በኋላ ነው "ቁልፍዎን ይያዙ" የተባለው።

ታዲያ ከስድቡ ቀጥሎ በመጣው ማክሰኞ ኪዳነወልድ ቁልፉን ያዘ። እንደታዘዘው አጥብቆ ያዘ። አሥራ ስድስት ጊዜ የሚዞረውን የቀኙን ቫልቭ ስምንት ጊዜ ብቻ አዞረው። በጥማት የሚሞት ኮሚቴ እስቲ ልይ አለ በሆዱ። ያን ዕለት ሾላው ቦኖ ላይ አንዲት ሴት ጥርሷን ተመታች። አዲሱ ኮሚቴ የተመረጠ ገና አምስተኛ ቀኑ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዴ መርየም ላኩበት። የኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ሊሰድቡኝ ነው ብሎ፣ መልሱን በመንገድ እያዘጋጀ ሄደ። ቤታቸው ሲገባ የአፎቻቸው ሴቶች፣ በሰርግም በኀዘንም የማይለያዩት ማኅበርተኞች፣ በየመደቡ ተደርድረው ጠበቁት። ጫማውን አውልቆ በር ሥር ሊቀመጥ ሲል አዴ መርየም እጁን ይዘው ወደ ላይ ሳቡት። አሚር ነደባ የሚሉት፣ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጡት። ሆጃ፣ በወተት የፈላ የቡና ገለፈት፣ ቀረበለት።

"ኪዳኔ" አሉት፣ "ያን ቀን የጀመርከውን ጨርሰው።"

"ምኑን?"

"አዳራሹ ውስጥ። 'እኔ የምለው' ብለህ አልነበር? አቦ፣ ሰው አፍህን ያዘብህ። እዚህ የሚይዝህ የለም። ምን ልትል ነበር?"

ኪዳነወልድ ለመሰደብ ነበር የተዘጋጀው። ሆጃውን ጠጣ። ከዚያ ቀስ እያለ ጀመረ፤ ቧንቧው ረጅም መሆኑን፣ ወደ ላይ የሚወጣ መሆኑን፣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቧንቧ መሙያ እንጂ ውሃ አለመሆኑን። "ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ነፋስ ነው የሚመጣላችሁ። ወረፋ ይዛችሁ የምትጣሉት በነፋስ ነው። ሦስት ሰዓት ተሰጣችሁ ይባላል እንጂ የደረሳችሁ ሁለት ነው።"

ሴቶቹ ተያዩ። ዓመታት ሙሉ እርስ በርስ ሌባ ሲባባሉ ኖረዋል።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ አዴ መርየም።

ይህችን ቃል ኪዳነወልድ ዛሬም ከነድምፃቸው ያስታውሳታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ክፈት ያለው፣ ዝጋ ያለው፣ ለምን ዘገየህ ያለው አለቃ ተቆጥሮ አያልቅም። ምን ይሻላል ያለው ሰው ግን አንድ ነው። ጀሪካን ከመደርደር ይልቅ ወረፋ በቤት ተራ እንዲሆን፣ ሩቅ ያሉት ቀድመው እንዲቀዱ፣ እስከ አንድ ሰዓት ማንም እንዳይወጣ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው። ከቤታቸው ሲወጣ ቁልፉ ቀለለው።

በቅዳሜው የቀኙን ቫልቭ አሥራ ስድስቱንም ዙር ከፈተው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሊዘጋው ጎንበስ አለና ተወው። የዘጋው አራት ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት አዴ መርየም ሸዋ በር ገበያ አገኙትና ሳይቆሙ፣ በጎኑ እያለፉ፣ "አላህ አይቷል፤ እኛ ምንም አላየንም" አሉት።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ያቺ አንዷ ሰዓት የተቆረጠችው ከታች ሰፈር ነው። ከታች ሰፈርም ጫፍ ላይ ያሉት አሥር አሥራ አምስት ቤቶች ናቸው ጨርሶ ያጡት፤ ከነሱ አንዱ የኪዳነወልድ ቤት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መሥሪያ ቤቱን ሲረግም እሱም አብሮ ረግሟል። ጽጌ ጀሪካን ተሸክማ ስትመጣ በር ከፍቶላታል። መናገር ያሰበበት ቀን አለ፤ ግን አንድ ቀን ያለፈው ነገር በማግስቱ ይከብዳል፣ በዓመቱ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።

ኒቆዲሞስ በበኩሉ ከሾላው ሥር ተቀምጦ ይጽፋል። በሳምንት ዘጠኝ ጠብ የነበረው አንድ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ይህ የተሳትፎ ፍሬ ነው አለ። በዚያ ጥናት ዶክተር ሆነ፤ በዚያው ጥናት ባሕር ማዶ እየተጠራ ተናገረ፤ ፕሮፌሰር ሆነ። በ2004 ኪዳነወልድ ወደ ሌላ መስመር ተዛወረ፤ በስድስት ወሩ ሾላው ቦኖ እንደ ድሮው ፍልሚያ ሆነ፤ ኮሚቴውም ፈረሰ። ያን ጊዜ ኒቆዲሞስ አልነበረም።

ሁለተኛው ስድብ በ2005 በፖስታ መጣ። የጥናቱ ቅጂ ለመሥሪያ ቤቱ ተልኮ ጸሐፊዋ ልደት ጮክ ብላ ስታነብ፣ ኪዳነወልድ ስሙን ጠበቀ። ስሙ የለም። ያለው "ቁልፍ መረጃ ሰጪ ቁጥር 7፣ ወንድ፣ 46 ዓመት፣ የውሃ ሠራተኛ" የሚል ነው። ፊቱ ጠቆረ። ልጅ ሆኖ በደርግ ጊዜ መረጃ ሰጪ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የጎረቤቱን ወሬ ለቀበሌ የሚያደርስ ጆሮ ጠቢ ነው። ቁልፍ ደግሞ ያው ብረቱ ነው። "ባለ ቁልፉ ጆሮ ጠቢ ብሎ በመጽሐፍ ጻፈኝ" አለ ለጽጌ። "ስሜን ነፍጎ እንደ እስረኛ ቁጥር ሰጠኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ባጃጅ ውስጥ በሰያፍ አስገብቶ፣ ጫፉ በጎን ወጥቶ ሄደ።

"አባባ፣ ይሄ የጎማ መፍቻ ነው?" አለው ባለባጃጁ።

"የውሃ ቁልፍ ነው።"

"ውሃ ቁልፍ አለው እንዴ? አሃ! ለዚህ ነዋ የተቆለፈብን። እባክዎ እኛ ሰፈር ሲደርሱ አንዴ ያዙሩልን።"

አዳራሹ ያው የድሮው አዳራሽ ነው፤ መጋረጃው ተቀይሯል። ሪድዋን ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንድ የሸክላ ጋንና ከድሮ ፎቶዎች ጎን አጋደመው። ወረቀት ለጥፎበታል፦ ባህላዊ የውሃ መክፈቻ።

"ባህላዊ?" አለ ኪዳነወልድ። "ከጣሊያን አገር የመጣ ብረት ነው።"

"ጋሽ ኪዳነ፣ ዛሬ እንዳያስቁኝ!"

ኒቆዲሞስ ከመድረኩ ግርጌ ቆሞ ነበር። ኪዳነወልድ መጀመሪያ አላወቀውም። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ግን ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ የሚስቅበት አፉ ሁለቱም ጠርዝ ላይ ወርዷል። አቀፈው። "ጋሽ ኪዳነ፣ አሉልኝ?" አለው። ኪዳነወልድ ይህን ሰው በሐሳቡ ስንት ጊዜ አንቆታል፤ ሲያቅፈው አጥንቱ ነው የተሰማው።

መጽሐፉ ተመረቀ። ኒቆዲሞስ ለመናገር ቆሞ አሥር ደቂቃ ያህል ከወረቀት አነበበ። ተሳትፎ ሲል፣ ዘላቂ ልማት ሲል፣ የቦኖ ኮሚቴ ሲል፣ ሰው የራሱን ቤት አድራሻ እንደሚናገር ነው፤ ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል። ወረቀቱን አጥፎ ሲቀመጥ ማጨብጨብ የጀመረው ሪድዋን ነው።

ከዚያ ኪዳነወልድ ተጠራ። ተነሳ። ማይክራፎን ሰጡት። ሁለቱ ደቂቃዎች በእጁ ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የታች ሰፈር እድር ዳኛው አቶ ሚልኪያስ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶቹ አሉ። ያቺን አንዲት ሰዓት ቢናገር ኒቆዲሞስ እዚያው መድረኩ ላይ ያልቅለታል። ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ቤት ይገባል፤ ጽጌ ወገቧን ይዛ ትሰማዋለች።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ። "እኔ የምለው…" ቆመ። አዳራሹ ጠበቀ። ማንም አላቋረጠውም። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብሎ ደገመና ተቀመጠ። ተጨበጨበለት።

ከምሳ በኋላ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ሊወጣ ሲል ኒቆዲሞስ ደረሰበት። "ሾላው ቦኖን አብረን እንየው" አለው። "ሪድዋን መኪና ላምጣ ብሎ ነበር፣ እንቢ አልኩት። እንደ ድሮው በእግር።"

በሸዋ በር ገቡ። ቀጭኑን መንገድ ወጡ፤ ኪዳነወልድ ቁልፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊት፣ ፕሮፌሰሩ ከኋላ እያለከለከ። ሾላው ቆሟል። ከሥሩ ያለው ቦኖ አራት አፍ ነበረው፤ ሦስቱ ተነቅለዋል፣ አንዱ ላይ የተቋጠረ ላስቲክ አለ። ጀሪካኖች ግን ተሰልፈዋል፤ ባለቤት በአካባቢው አይታይም። ኒቆዲሞስ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

"ፈረቃው መቼ ነው?"

"ውሃው ከመጣ አሥራ አንድ ቀን ሆነው ይላሉ።"

ኒቆዲሞስ ራሱን ነቀነቀ። ከቦርሳው አንድ መጽሐፍ አወጣ። "ይሄ የእርስዎ ነው። መድረክ ላይ ልሰጥዎ ነበር፣ ፈጥነው ተቀመጡ። ገልጠው ይዩት፤ ቁጥር ሰባትን ይፈልጉ። ስድሳ ሦስት ጊዜ አለ።"

"አውቀዋለሁ" አለ ኪዳነወልድ። አልተቀበለም። "ባለ ቁልፉ መረጃ ሰጪ። ልደት አንብባልኛለች።"

"ባለ ቁልፉ?"

"ቁልፍ መረጃ ሰጪ ብለህ አልጻፍክም?" አንተ ማለቱን የሰማው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የፈለገው "አንተ" እንዲህ በቀላሉ ወጣ።

ኒቆዲሞስ ግራ ገብቶት አየው፤ አየውና ገባው። "ጋሽ ኪዳነ… ቁልፍ ማለት እኮ ዋና ማለት ነው። ዋናው ሰው። ቁልፍ ጉዳይ እንደሚባለው። ብዙ ሰው ይጠየቃል፣ ነገሩን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ነው ቁልፍ የምንለው። ስም የማይጻፈውም ሰውየው በኋላ እንዳይነካ ነው፣ ለእርስዎ ጥበቃ ነው። እኔ እርስዎን… በብረቱ የጠራሁዎ መስሎዎት ነበር? ይህን ሁሉ ዓመት?"

ኪዳነወልድ ቁልፉን ከትከሻው አውርዶ ተደገፈው። አሥራ ሁለት ዓመት ያሳደገው ቂም ባዶ ጀሪካን ሆኖ ተገኘ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደከመው እንጂ ደስ አላለውም።

"እሺ ይሄስ ይሁን" አለ። "ግንቦት 13ስ?"

"የቱ ግንቦት 13?"

"2001፣ ሐሙስ፣ ከሻይ መልስ። 'እርስዎ ቁልፍዎን ይያዙ፤ ሐሳቡን ለማኅበረሰቡ ይተዉለት።'"

ኒቆዲሞስ ዓይኑን ጨፈነ። ፈለገ። ከልቡ ፈለገ፤ ኪዳነወልድ ሲፈልግ አየው። "አላስታውስም" አለ በመጨረሻ። "ብዬ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ብዬ ከሆነ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው የሳቀበት ነገር፣ ብዬ ከሆነ።

አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ አለፉ፤ ሰላምታ ሰጡ፤ ሁለቱም መለሱ። ኒቆዲሞስ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሲናገር የአዳራሹ ድምፅ አልነበረም።

"ጋሽ ኪዳነ፣ የመጣሁት ለመጽሐፉ አይደለም። እውነቱን ልንገርዎ። እዚህ ያየሁትን ነገር በአሥራ አንድ ከተማ ሞክሬዋለሁ። ያንኑ ኮሚቴ፣ ያንኑ ደንብ፣ ያንኑ የቤት ተራ። አንድም ቦታ አልሠራም። አንድም! ሁሌ ሰበብ አለኝ፤ ድርቅ ነበር፣ ምርጫ ነበር፣ ሰብሳቢው ሌባ ነበር። ሌሊት ሌሊት የዚህን ቦኖ ደብተር እገልጣለሁ። ዘጠኝ፣ ስድስት፣ አንድ፣ ዜሮ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሦስት ዓመት ዜሮ። እዚህ ምን ነበረ?"

ኪዳነወልድ ጀሪካኖቹን አየ።

"ሰኞ ለአሥራ ሁለት ሰፈር እፈርማለሁ። አዴ መርየምን ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ አልደረስኩባቸውም። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ጊዜ ሳስበው… ምናልባት በዚያን ጊዜ ውሃው በዝቶ ነበር? ከሌላ ቦታ ተጨምሮ ነበር? የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ሦስት ሰዓት ነው የሚለው፤ መዝገብ ግን እርስዎ እንደሚያውቁት ነው።" ቀና ብሎ አየው፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ኮሚቴው ነው ወይስ ውሃው? ሃያ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜዬ ነው የጠየቅሁዎ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

እርስዎ ምን ይላሉ።

ይህ ሰው አሁን ጠየቀ። ሁለት ደቂቃ አይደለም፣ ማይክራፎን የለም፣ የሚስቅ የለም። መልሱ ኪዳነወልድ ምላስ ላይ ተቀምጧል። ውሃው ነው ቢለው፣ ሲሚንቶው ላይ የተቀመጠው ሰው ዳግመኛ አይነሳም፤ ያቺም ሰዓት ከማን ቤት እንደመጣች ይጠይቃል፣ መጠየቅ ሙያው ነው፣ ደብተር አውጥቶ ይጽፋታል፣ አንድ ቀንም ሌላ ልደት ጮክ ብላ ታነባታለች። ኮሚቴው ነው ቢለው ሰኞ ይፈረማል፤ ከአሥራ ሁለቱ ሰፈር በአንዳቸውም አሚር ነደባ ላይ የሚቀመጥ ውሃ ከፋች የለም። ሁለቱም ነው ለማለት ደግሞ አዴ መርየም ያን ዕለት ያሉትን፣ 'ምን ይሻላል' የሚለውን፣ መናገር ያስፈልጋል። ያቺን ቃል ለዚህ ሰው ሊሰጠው አልወደደም። ከሷ በቀር ተሰጥቶት የሚያውቅ ሌላ ነገር የለውም።

ጽጌ ትዝ አለችው። ይህን ጊዜ በሩ ላይ በርጩማዋን አውጥታ፣ ነገርከው ወይ ልትለው እየጠበቀች ነው።

"ጋሽ ኪዳነ?"

ኪዳነወልድ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳ። ድሮ በአንድ እጁ ያነሳው ነበር፤ አሁን ሁለቱም አስፈለጉት። ትከሻው ላይ ካደረገው በኋላ፣ የወጡበትን ቀጭን መንገድ ይዞ ቁልቁል ወረደ።

"ጋሽ ኪዳነ! እባክዎ! ኮሚቴው ነው?"

የግንቡ ጥላ መንገዱን ግማሽ ሸፍኖታል። ብረቱ በየእርምጃው አንገቱን ይነካዋል።

"ውሃው ነው?"

ወደ ሸዋ በር ታጠፈ።